ዶልፊንን በገንዳ ማኖር ልክ ነው ወይ? ጎንደር ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁኝ ጥያቄዎች

የባዮሎጂ መምህር ነኝ። እዚሁ ጎንደር በማስተምርበት ትምህርት ቤት የተፈጥሮ ክበቡንም አስተባብራለሁ። አምና አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ከዱባይ አጭር ቪዲዮ ላከችልኝ። የምትንከባከባቸውን ልጆች ይዛ የዶልፊን ትርኢት ገብታ የቀረጸችው ነው። «ቲቸር፣ እንዴት እንደሚያምሩ እዩልኝ» የሚል መልእክት አብሮት ነበር። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ግን ከዚህ ገንዳ መቼ ነው የሚወጡት?» ብላ ጻፈች። ቪዲዮውን ከነጥያቄዋ ለክበቡ ልጆች አሳየኋቸው። ከዚያን ቀን ወዲህ ጥያቄው አላባራም፤ ከልጆቹ ወደ ወላጆች፣ ከወላጆች ወደ መምህራን ማረፊያ ክፍል ተሻገረ። ደጋግመው የመጡትን ከነመልሳቸው እዚህ አስፍሬያለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዶልፊን ዓሣ አይደለም እንዴ?

አይደለም። በሳንባ ነው የሚተነፍሰው፤ አየር ለመሳብ ወደ ላይ መውጣት አለበት። ይወልዳል፣ ያጠባል፣ ደሙም ሞቃት ነው። ዓሣ ነባሪም እንደዚያው፤ እሱን ያሳሳተን ስሙ ነው። በዚህ ጽሑፍ ደጋግሜ የማነሳው ኦርካም የዶልፊን ቤተሰብ ነው፤ ከቤተሰቡ ሁሉ ግዙፉ።

ልጆቹን በጣም የገረማቸው ግን ሌላ ነገር ነው። ዛሬ በሕይወት ካሉት እንስሳት ሁሉ ለዓሣ ነባሪና ለዶልፊን በዘር የሚቀርበው ጉማሬ ነው። ጣና ላይ ጆሮውን እያርገበገበ ብቅ የሚለው የእኛው ጉማሬ! የጋራ አያታቸው የኖረው ከ50 ሚሊዮን ዓመት በፊት ቢሆንም ዘመድነቱ በዘረመል ተረጋግጧል። ስለዚህ ነገሩ ባሕር ለሌለው አገር ሰው የሚመስለውን ያህል ሩቅ አይደለም።

ቪዲዮው ላይ ዶልፊኑ ፈገግ ብሏል። ካልተመቸው ለምን ይስቃል?

አይስቅም። የመንጋጋው ቅርጽ ነው። ዶልፊን እንደ እኛ ፊቱን የሚያኮማትርበት ወይም የሚያፈካበት ጡንቻ የለውም፤ ሲታመምም፣ ሞቶ ዳርቻ ላይ ሲገኝም ያው «ፈገግታ» ፊቱ ላይ ነው። ለዚህ እንስሳ ከዚህ የከፋ ዕድል አይታየኝም፤ ቢከፋው ማንም አያውቅለትም።

ልጆቹ ቪዲዮውን ለሁለተኛ ጊዜ ሲያዩ «አሁን ዶልፊኑን ተዉትና የአሠልጣኟን ቀኝ እጅ ተከታተሉ» አልኳቸው። ዶልፊኑ ይዘላል፣ ፊሽካ ይነፋል፣ እጁ ወደ ባልዲው ይገባል፣ ትንሽ ዓሣ ትወረወራለች። በጭራው ቆሞ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ፊሽካ፣ ባልዲ፣ ዓሣ። ለልጆቹ ክንፉን ያውለበልባል፣ ፊሽካ፣ ባልዲ፣ ዓሣ። አንዷ ተማሪ በደብተሯ ጠርዝ እያሰመረች ቆጠረች፤ ቪዲዮው ሦስት ደቂቃ እንኳን አይሞላም፣ እጁ ግን አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ባልዲው ውስጥ ገብቷል። አሠልጣኟ ክፉ ሰው ናት ማለቴ አይደለም። አብዛኞቹ አሠልጣኞች እንስሳቱን ከልብ ይወዳሉ፤ ሥልጠናውም በዱላ ሳይሆን በሽልማት ነው። ሕዝቡ «ጨዋታ» ብሎ የሚያጨበጭብለት ግን ዶልፊኑ የዕለት ቀለቡን የሚያገኝበት ሥራ መሆኑን ማየት ያስፈልጋል።

ገንዳው እኮ በጣም ትልቅ ነው። ምን ያህል ይበቃዋል ታዲያ?

ለዚህ ጥያቄ በቃል መልስ መስጠት ትቻለሁ። ልጆቹን ይዤ ወደ ትምህርት ቤቱ ሜዳ እወጣለሁ።

ቶኪታይ የምትባል ሴት ኦርካ ነበረች፤ ሕዝብ የሚያውቃት «ሎሊታ» በሚለው የመድረክ ስሟ ነው። በ1970 አሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ ፔን ኮቭ ከሚባል የባሕር ሰርጥ ገና ልጅ ሳለች ተያዘች። ማያሚ ወዳለ የባሕር እንስሳት መናፈሻ ተወሰደችና በ2023 ነሐሴ እስክትሞት ድረስ እዚያው ነበረች፤ ከ50 ዓመት በላይ ማለት ነው። የገንዳዋ ርዝመት 24 ሜትር ገደማ፣ በጥልቁ በኩል ጥልቀቱ 6 ሜትር ነበር። የእሷ ቁመት ደግሞ ራሱ 6 ሜትር አካባቢ ነው።

በሜትር ለክተን በኖራ መሬቱ ላይ አሰመርነው። ከዚያ አራት ልጆች እየተጋገዙ በገመድ የእሷን ቁመት ዘረጉ። ገመዱ አራት ጊዜ ሲገለበጥ ገንዳው አለቀ። ጥልቀቱማ ቀጥ ብላ ብትቆም ጭራዋ ወለሉን ሊነካ ነው። አንድ ልጅ ከጫፍ ጫፍ እየተመላለሰ መራመድ ጀመረ፤ ሠላሳ ያህል እርምጃ፣ መዞር፣ ሠላሳ ያህል እርምጃ፣ መዞር። አሥር ጊዜ ያህል እንደተመላለሰ «ቲቸር፣ ራሴን አዞረኝ» ብሎ ቆመ።

ባሕር ላይ ያለች ኦርካ በቀን ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ልትጓዝ፣ ከመቶ ሜትር በላይ ጠልቃ ልትወርድ ትችላለች። በጥምቀት ቀን ከቀሃ ወንዝ በተጠለፈ ውሃ የሚሞላውን ጥምቀተ ባሕራችንን አስቡት። ቶኪታይ የኖረችበት ከዚያ ያነሰ ነው። ወጣቶቻችን ዘለው ገብተው ለጥቂት ሰዓት የሚደሰቱበት ውሃ ለአንድ ፍጥረት የዕድሜ ልክ ዓለሙ ሲሆን ምን ማለት እንደሆነ እያንዳንዱ ይፍረድ።

ቀለቡን እያገኘ፣ ሐኪም እየታየለት፣ ከአዳኝም ተጠብቆ ምን ይጎድለዋል?

ከሁሉ በላይ የሚከብደኝ ጥያቄ ይህ ነው፤ የሚጠይቁኝ ሰዎች ጨካኞች ስላልሆኑ። ኑሮ ለከበደበት ሰው ሳይለፋ ቀለቡን የሚያገኝ እንስሳ የታደለ ይመስለዋል።

መጀመሪያ የሚጎድለው ወገን ነው። ኦርካዎች በእናት ሐረግ በተሳሰረ ቤተሰብ ነው የሚኖሩት። በሰሜን ፓስፊክ በደንብ በተጠኑት ማኅበረሰቦች ውስጥ ወንዱ ልጅ እንኳን አድጎ ከእናቱ አይለይም። እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ የድምፅ ዘዬ አለው፤ ሰው አፉን ሲከፍት ጎንደሬ ነው ጎጃሜ ወይም ወሎዬ እንደምንለው ሁሉ እነሱም በጥሪያቸው ይተዋወቃሉ። ዶልፊኖች ደግሞ እያንዳንዳቸው እንደ ስም የሚያገለግል የየራሳቸው ፉጨት አላቸው። በ2013 በስኮትላንድ ባሕር ዳርቻ የተሠራ ጥናት የአንዱን ፉጨት በድምፅ ማጉያ ሲያሰሙት ራሱ ባለቤቱ መልሶ እንደሚያፏጭ አሳይቷል። ስሙ ሲጠራ «አቤት» ይላል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ፍጥረት ከአይስላንድ የመጣውን ከፓስፊክ ከመጣው ጋር አንድ ገንዳ ውስጥ አስገብቶ «ጓደኛ አለው» ማለት ምን ዓይነት ጓደኝነት ነው?

በ2018 ታሌኳ የተባለች ኦርካ እንደተወለደች የሞተችባትን ልጇን 17 ቀን በአፍንጫዋ እየገፋች ተሸክማ ዞራለች፤ 1,600 ኪሎ ሜትር ያህል። ሐዘኗ ከእኛ ሐዘን ጋር አንድ ነው ብዬ አልምልም። ልጅን ከእናት ነጥሎ ወደ ሌላ አገር ገንዳ መላክ «ምንም አይሰማቸውም» ተብሎ የሚታለፍ ነገር እንዳልሆነ ግን ያስረዳል።

ሁለተኛው ሥራ ማጣት ነው። ቀኑን ሙሉ ለማደን፣ ለመጓዝ፣ በድምፅ ባሕሩን ለማሰስ የተሠራ አካልና አእምሮ አራት ግድግዳ ሲሆንበት በራሱ ላይ ይዞራል። በ2017 የታተመ አንድ ጥናት በገንዳ የሚኖሩ 29 ኦርካዎችን ጥርስ መርምሮ አንዱም ጉዳት ሳያገኘው እንዳልቀረ አስፍሯል፤ ብረቱንና ሲሚንቶውን ሲያኝኩ ይሰበራል፣ ይፋቃል። የወንዶቹ የጀርባ ክንፍም ገንዳ ውስጥ ሲያድጉ ሁሉም ለማለት በሚቻል ደረጃ ወደ ጎን ይተኛል፤ ባሕር ላይ ይህ እምብዛም የማይታይ ነው።

በልጅነቴ በአንድ የእንስሳት ማቆያ ያየሁት አንበሳ ከዓይኔ አይጠፋም። በአጥሩ ሥር ይሄዳል፣ ሁልጊዜ አንዲቷ ቋሚ ጋ ሲደርስ በዚያው እግር ይዞራል። እሱ የተመላለሰበት መሬት እንደ ምጣድ ለስልሶ ነበር። ያን ጊዜ «ይንሸራሸራል» ብዬ ነበር። በ2003 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ይህ መመላለስ በማን ላይ እንደሚብስ አሳይቷል፤ በተፈጥሮው ሰፊ ክልል የሚያካልል ሥጋ በል በአጥር ውስጥ ሲሆን መመላለሱም የግልገሎቹ ሞትም ይበዛል። ጥናቱ የየብስ አዳኞችን የተመለከተ ነው፤ ነገር ግን ከኦርካ በላይ የሚያካልል ማን አለ?

ስለ ዕድሜያቸው እውነቱን ልናገር። በዘመናዊ ተቋማት የሚኖሩ ዶልፊኖች ዕድሜ ከበፊቱ በጣም ተሻሽሏል፤ «ገንዳ ውስጥ ያለ ሁሉ ቶሎ ይሞታል» የሚለው ለሁሉም ዝርያ ልክ አይደለም። በኦርካዎች ላይ ግን ክርክሩ ገና አልተዘጋም፤ ባሕር ላይ ሴቶቹ 80 ዓመትና ከዚያም በላይ ሊቆዩ ይችላሉ። እኔ ግን ክርክሬን በዕድሜ ላይ አልመሠርትም። አባቶች «ካገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ» ያሉት ተርቦ ወይም ታሞ ስለሚሞት ስደተኛ አይደለም። በልቶ ስለሚያድር፣ ራሱን ግን ስለማይሆን ሰው ነው።

ኦርካ ሰው ገድሏል ይባላል፤ እውነት ነው?

ገንዳ ውስጥ፣ አዎ። በገንዳ ኦርካዎች አራት ሰዎች ሞተዋል። ባሕር ላይ ግን ኦርካ ሰው ገደለ የሚል የተረጋገጠ መዝገብ የለም።

ከአራቱ ሞቶች በሦስቱ ቲሊኩም የሚባል አንድ ወንድ ኦርካ አለበት። በ1983 አይስላንድ አካባቢ ሲያዝ ዕድሜው ሁለት ዓመት ገደማ ነበር። ካናዳ ውስጥ ሲላንድ በሚባል ቦታ ከሁለት ሴት ኦርካዎች ጋር አኖሩት፤ እየነከሱ ያሠቃዩት ነበር፤ ሌሊቱን ሦስቱንም ጠባብና ጨለማ ማደሪያ ውስጥ ይዘጉባቸው ነበር። በ1991 አንዲት ወጣት አሠልጣኝ አዳልጧት ገንዳው ውስጥ ወደቀችና አልተረፈችም። ቦታው ሲዘጋ ቲሊኩምን ወደ ፍሎሪዳ ሸጡት። በ2010 ልምድ ያላት፣ በሥራዋ የተከበረች ሌላ አሠልጣኝ በእሱ ምክንያት ሞተች። እሱም በ2017 ጥር እስኪሞት ድረስ እዚያው ነበር። ስለዚህ ነገር ሳስብ ከሁለቱም ወገን አዝናለሁ፤ ለሴቶቹና ለቤተሰቦቻቸው፣ ለእንስሳውም።

ከየት ነው የሚያመጧቸው?

በድሮው ጊዜ ሁሉንም ከባሕር። በ1960ዎቹና በ70ዎቹ በአሜሪካና በካናዳ ምዕራብ ዳርቻ ጀልባና ፈንጂ እየተጠቀሙ ኦርካዎችን ወደ ሰርጥ እየነዱ፣ ልጆቹን ከእናቶቻቸው በመረብ ይለዩ ነበር። ቶኪታይ በተያዘችበት ቀን ሰባት ልጆች ተወሰዱ፤ መረብ ውስጥ ተጠላልፈው የሞቱም ነበሩ። ከእነዚያ ቤተሰቦች የተወሰዱት ከ40 በላይ ናቸው፤ ማኅበረሰቡ ዛሬ ድረስ አላገገመም፣ ሰማኒያ እንኳን አይሞሉም።

ዱባይ ላሉ ወገኖቻችን የሚቀርበውም ታሪክ አለ። በ2007 ከሰለሞን ደሴቶች 28 ዶልፊኖች በአውሮፕላን ተጭነው ዱባይ ላለ አንድ ትልቅ ሆቴል ተወስደዋል። ጃፓን ታይጂ ላይ ደግሞ እስከ ዛሬ በየዓመቱ ከመስከረም ጀምሮ ዶልፊኖች በጀልባ እየተነዱ ወደ ሰርጥ ይገባሉ፤ መልከ መልካሞቹ ለገንዳ ይመረጣሉ፣ የቀሩት ብዙዎቹ ይታረዳሉ። በ2015 የጃፓን የእንስሳት ማቆያዎችና አኳሪየሞች ማኅበር፣ ከዓለም አቀፉ ማኅበር እንዳይባረር ሲል፣ አባላቱ ከታይጂ እንዳይገዙ ወስኗል። በ2018 ሩሲያ ውስጥ ናኾድካ አጠገብ 11 ኦርካዎችና ከ80 በላይ ቤሉጋ የሚባሉ ነጭ ዓሣ ነባሪዎች በጠባብ የባሕር አጥር ውስጥ ለሽያጭ ታጉረው ተገኙ፤ ዓለም ስለጮኸ በቀጣዩ ዓመት ተለቀቁ።

አሁን በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉት አብዛኞቹ እዚያው የተወለዱ ናቸው።

ለሳይንስስ አይጠቅምም?

ጠቅሟል። ይህን መካድ አልወድም። ዶልፊን ራሱን በመስታወት ለይቶ እንደሚያውቅ በ2001 የታወቀው በኒውዮርክ አኳሪየም በነበሩ ሁለት ዶልፊኖች ነው። ከዚህም የሚበልጥ ውለታ አለ፤ እስከ 1960ዎቹ ድረስ ኦርካ እንደ አውሬ ይፈራ፣ በጥይትም ይመታ ነበር። በ1964 ካናዳ ቫንኩቨር አካባቢ ለቅርጻ ቅርጽ ሞዴል ተብሎ ሊገደል የተወጋው ኦርካ ሳይሞት ተረፈ። ሞቢ ዶል ብለው ሰየሙት። ሰው በቅርብ ሲያየው ገራም ሆኖ አገኘው፤ ፍርሃቱ ወደ ፍቅር መዞር የጀመረው በዚያ ነው። ሞቢ ዶል የኖረው ሦስት ወር ገደማ ብቻ ነው።

እኔ የምለው፣ ያ ትምህርት ራሱ የሰጠንን መልስ እንስማ ነው። ራሱን የሚያውቅ፣ በስሙ የሚጠራ፣ ለልጁ የሚያዝን ፍጥረት እንደሆነ አስተማሩን፤ ይህን ካወቅን በኋላ ለትርኢት ማቆየት የበለጠ ይከብዳል እንጂ አይቀልም።

ዝርያው እንዳይጠፋ ለማዳን ቢሆንስ?

የመዝናኛ ገንዳዎቹ የሚያኖሯቸው ዶልፊኖችና ኦርካዎች አብዛኞቹ ወደ ባሕር ለመመለስ ታስበው የሚራቡ አይደሉም። በእውነት ሊጠፉ በተቃረቡት ላይ የተደረገው ሙከራም ከባድ ነው። ቫኪታ የሚባለው ትንሽ የሜክሲኮ ዶልፊን መሰል እንስሳ ዛሬ አሥር ያህል እንኳን መቅረቱ ያጠራጥራል። በ2017 ጥቂቶቹን ይዞ ለመጠበቅ ባለሙያዎች ወጡ፤ አንዲት ሴት በድንጋጤ ሞተችባቸው፣ ሥራውም ቆመ። ቫኪታን የሚገድለው ዓሣ አጥማጅ የሚዘረጋው መረብ ነው። መድኃኒቱም መረቡን ማንሳት ነበር።

የተሳካ ነገርም አለ። ቻይና ውስጥ የያንግትዜ ወንዝ ዶልፊን ጠፍቷል፤ በ2006 ወንዙ ሙሉ ታስሶ አንድም አልተገኘም። ከዚያው ወንዝ የጀርባ ክንፍ የሌለውን፣ ፖርፖይዝ የሚባለውን ዶልፊን መሰል እንስሳ ግን ከዋናው ወንዝ ተቆርጦ በቀረ ረጅም ሐይቅ ውስጥ አስገብተው እየጠበቁት ነው፤ እዚያ ራሱ እያደነ፣ እየተዋለደ በዝቷል። ፊሽካም ተመልካችም የለበትም። ጥበቃ ማለት እንዲህ ያለውን ነው።

የተጎዱ «ሲል» የሚባሉ የባሕር እንስሳትንና የባሕር አንበሶችን አክመው የሚለቁ ማዕከሎችንም ከዚህ ክርክር አውጥቼ አከብራቸዋለሁ። ወደ ባሕሩ የሚመለስን ማከም ሐኪምነት ነው።

እኛም በሬ እንጠምዳለን፣ አህያ እንጭናለን። ምን ለየው?

ይህን የጠየቁኝ ከጎንደር ዙሪያ የመጡ የአንድ ተማሪዬ አባት ናቸው። ገበሬ ናቸው። «መምህር፣ እኛ ጨካኞች ነን ማለት ነው?» አሉኝ።

«የለም ጋሼ» አልኳቸው። በሬ ከሰው ጋር ሺህ ዓመታትን አብሮ ኖሯል፤ ከአውሬነት ወጥቶ ለማዳ የሆነው በትውልድ ብዛት ነው። እርስዎ በሬዎን በስሙ ይጠሩታል፣ ቡሬ፣ ዳልቻ እያሉ። ሲመሽ ማንም ሳይነዳው ወደ በረቱ ይመጣል። እሑድና በዓል ያርፋል። ሲታመም እርስዎ አይተኙም። ዶልፊን ግን ለማዳ አይደለም፤ ገንዳ ውስጥ ቢወለድም በተፈጥሮው የባሕር አውሬ ነው። አጥሩ ቢከፈት የሚመጣበት በረት የለውም።

ሰውየው ዝም ብለው ቆዩና «በሬም ቢሆን ሲያንገላቱት ኃጢአት ነው» አሉ። ትክክል ናቸው። በገበያ ቀን ጀርባው ቆስሎ ዝንብ የወረረው አህያ ላይ ጤፍ ተጭኖ ሳይ ስለ ዶልፊን ለመናገር አፍራለሁ። ስለ አንዱ መናገር ስለ ሌላው ዝም ለማለት ፈቃድ አይሆነኝም፤ የክበባችን ልጆች ዘንድሮ ስለ አህያ ጭነት ያዘጋጁት ፖስተርም ከዚሁ የወጣ ነው።

እኛስ ፋሲል ግቢ ውስጥ አንበሳ አስረን አልነበረም ወይ?

ነበር። የአንበሶቹ ቤት ድንጋዩ ዛሬም ቆሟል፤ ጎብኚ ሁሉ ፎቶ ይነሳበታል። አንበሳ የመንግሥት ክብር ምልክት ነበርና ነገሥታቱ ሲያኖሯቸው ክፋት አስበው አልነበረም። ልጆቹን ይዤ ስሄድ ግን ከቅጥሩ ስፋት እንዲጀምሩ አደርጋለሁ፤ በእርምጃ ይለኩታል። አባቶቻችን ያልጠየቁትን እኛ ብንጠይቅ ክብራቸውን አንነካም።

አንድ ነገር ግን ለሌላው ወገን ልመስክር። አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ የነበሩት ጥቁር ጎፈር ያላቸው አንበሶች በ2012 በታተመ የዘረመል ጥናት ከሌሎች የአፍሪካ አንበሶች የተለዩ ሆነው ተገኝተዋል። አጥሩ ያን ዘር ጠብቆ አቆይቷል ማለት ነው። ነገሩ ሁልጊዜ ጥቁርና ነጭ አይደለም። አንበሳና ኦርካን የሚለያቸው ደግሞ የሚያስፈልጋቸው ስፋት ነው። ለአንበሳ ሰፊ ግቢ መሥራት ይቻላል፤ ባሕር የሚሠራ ሰው ግን አላየሁም።

በሃይማኖት በኩል ምን ይባላል?

እኔ የሃይማኖት አባት አይደለሁም፤ የሚቀርባችሁን መምህር ጠይቁ። ክርስቲያኑ ዮናስ፣ ሙስሊሙ ዩኑስ እያለ የሚያውቀውን ታሪክ ግን ሁላችንም እናውቀዋለን። ነቢዩን በሆዱ ተሸክሞ ያተረፈው የባሕር ፍጥረት ነው። ጾመ ነነዌን ስንጾም የምናስባት ከተማም እንስሳቷ ሳይቀሩ የጾሙባትና ምሕረቱም እነሱን ያልዘነጋባት ናት።

ታዲያ ለምን ዝም ብለው ወደ ባሕር አይለቋቸውም?

ዕድሜውን በሙሉ ከባልዲ የበላ እንስሳ ማደን አይችልም፤ ቤተሰቡም ላያውቀው ይችላል። ኬይኮ የሚባለውን ኦርካ ታሪክ ልንገራችሁ። በ1979 አይስላንድ አካባቢ ተይዞ ሜክሲኮ ከተማ ውስጥ ለዓመታት ትርኢት ሠራ። የፊልም ተዋናይ ሆኖ ስሙ ሲገን ሕዝብ ገንዘብ አዋጣለትና በ1998 ወደ አይስላንድ ተመለሰ። በክሌትስቪክ የባሕር ሰርጥ አሠለጠኑት፤ በ2002 ራሱን ችሎ ባሕር አቋርጦ ኖርዌይ ደረሰ። ግን የኦርካ ቤተሰብ አልተቀበለውም፤ እሱም ሰው ፍለጋ ወደ ዳርቻ ይመጣ ነበር። በ2003 ታኅሣሥ በሳንባ ምች ሞተ።

አንዳንዶች «ይኸው ከሸፈ» ይላሉ። አምስት ዓመት የባሕር ውሃና ማዕበል አግኝቶ ኖሯል፤ እኔ ክሽፈት አልለውም። ቀላል ነው ግን አልልም። ስለዚህ ብዙ ባለሙያዎች የሚሉት መካከለኛ መንገድ አለ፤ መያዝና ማራባት ይቁም፣ ያሉት በባሕር ዳርቻ በተከለለ ሰፊ መጠለያ ውስጥ ትርኢት ሳይሠሩ እየተንከባከቧቸው ዕድሜያቸውን ይጨርሱ። በ2019 ሻንግሃይ ከነበረ ትርኢት ሁለት ቤሉጋዎች ለእንዲህ ያለ መጠለያ ወደ አይስላንድ ተወስደዋል፤ የተመረጠላቸውም ያው ኬይኮ የነበረበት ሰርጥ ነው። መልመዱ ለእነሱም ከባድና ረጅም ሆኖባቸዋል።

የከለከሉ አገሮች አሉ?

አሉ፣ እየበዙም ነው። ህንድ በ2013 የዶልፊን ትርኢት ቤቶችን አገደች። ካናዳ በ2019 ዓሣ ነባሪና ዶልፊን አዲስ መያዝንም ማራባትንም በሕግ ከለከለች። ፈረንሳይ በ2021፣ ሜክሲኮ በ2025 ሕግ አውጥተዋል። እንግሊዝ ውስጥ ከ1993 ወዲህ የዶልፊን ትርኢት የለም። አሜሪካ ያለው ሲወርልድ የተባለው የባሕር እንስሳት መናፈሻ በ2016 ኦርካ ማራባት አቆማለሁ አለ፤ በ2023 አቡዳቢ ላይ አዲስ ቅርንጫፉን ሲከፍትም ኦርካ የለበትም፣ ዶልፊኖች ግን አሉበት።

እዚህ ሰው ተቸግሮ እያለ ስለ ዶልፊን ማውራት ቅንጦት አይደለም?

ይህን የሚለኝ ሰው ምን እንዳሳለፈ ስለማውቅ አልከራከርም። ከዓመታት መከራ በኋላ ሰው መጀመሪያ ስለ ልጁ ዳቦ ማሰቡ ልክ ነው። እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ በቪዲዮው ጉዳይ የጠየቁኝ ልጆች ሌላው ቀርቶ ትምህርት ለወራት ተቋርጦባቸው የሚያውቁ ናቸው። አንዲቱ «መውጣት እየፈለጉ ቤት መዘጋት ምን እንደሆነ እኛ እናውቃለን» አለች። ለእሷ ቅንጦት አልሆነባትም።

ዱባይ ያለች እህቴ ልትጋብዘኝ ነው። ትርኢቱ ልግባ?

እኔ አልገባም። እህትሽን ግን አታሳዝኛት፤ በላቧ ያገኘችውን ገንዘብ አውጥታ ደስ ልታሰኝሽ ነው። «ሌላ ቦታ እንሂድ» በያት። የማይቀር ሆኖ ከገባሽም ከዶልፊን ጋር የሚዋኙበትንና የሚሳሳሙበትን ፎቶ ተዪው። ባሕር ላይ በጀልባ ወጥተው ከርቀት የሚያዩበት ጉዞ በቀይ ባሕር ዳርቻ አለ፤ ለሚችል እሱ ይሻላል፣ ጀልባው እስካላሳደዳቸው ድረስ።

ልጄ ግን ማየት ይፈልጋል። ምን ላሳየው?

ዘመዱን አሳዩት። መንገዱ ሰላም ሲሆን ባሕር ዳር ውረዱና ዓባይ ከጣና ወደሚወጣበት በጀልባ ሂዱ፤ በማለዳ ቢሆን ይመረጣል። ጀልባ ነጂው ርቆ ሞተሩን እንዲያጠፋ ለምኑት። ጉማሬ አደገኛ ነውና ቅረብ አትበሉት። መጀመሪያ የሚታየው ጆሮ ነው፤ ከዚያ ዓይን፣ ከዚያ አፍንጫው ይከፈትና በትንፋሹ ውሃውን እንደ ጭጋግ ይበትነዋል። ዓሣ ነባሪም የሚተነፍሰው እንዲሁ ነው።

እኛ ክበቡን ይዘን የሄድን ቀን አንዱ ትልቅ ጉማሬ አየንና ጠለቀ። አንድ ልጅ በስልኩ ሰዓት ያዘለት። ሃያዎቹም ልጆች ጀልባው ላይ ትንፋሻቸውን ውጠው የጠለቀባትን ቦታ ያያሉ። ሦስት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ቆይቶ ብቅ አለ፤ ከጠበቅንበት በጣም ርቆ፣ በሌላ በኩል፣ ደንገሉ አጠገብ።